ሁሉም ክፍል ፈተናውን አልፎ ሮኬቱ ለምን ተንቀጠቀጠ? የሳተርን 5 ንዝረት ጉዳይ

አፖሎ 6 ከፍሎሪዳው ኬኔዲ የጠፈር ማዕከል የተነሳው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 4 ቀን 1968 ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ሰው አልተሳፈረበትም። ሰውን ወደ ጨረቃ እንዲወስድ የተሠራው ግዙፍ ሮኬት፣ ሳተርን 5፣ ሲበር ይህ ሁለተኛው ነበር። የመጀመሪያው በረራ፣ አፖሎ 4፣ በኖቬምበር 1967 ያለ ብዙ ችግር ስለተጠናቀቀ የናሳ ሰዎች ልባቸው ሞልቷል። ይሄኛውም እንደዚያው ከሆነ ከዚህ ወዲያ ሰው መጫን ይቻላል የሚል ተስፋ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ 100 ሰከንዶች ሰላም ነበሩ። ወደ 110ኛው ሰከንድ ላይ ግን ሮኬቱ መንዘር ጀመረ። ንዝረቱ ወደ ጎን አይደለም፣ በቁመቱ ነው። 110 ሜትር የሚረዝመው አካል በሰከንድ 5 ጊዜ ያህል ይኮማተራል፣ መልሶ ይለጠጣል። ይህ 30 ሰከንድ ገደማ ቆየ። ጠፈርተኞች ወደፊት በሚቀመጡበት ካቢን ውስጥ የተተከሉት መለኪያዎች ወደ ላይም ወደ ታችም 0.6 ጂ መዘገቡ። 1 ጂ ማለት መሬት ላይ ቆመን የሚሰማን የስበት መጠን ነው። የተፈቀደው ወሰን 0.25 ጂ ነበር። ያውም በዚያ ሰዓት ሮኬቱ ፍጥነቱን እየጨመረ ስለሆነ፣ ውስጡ ያለ ሰው ከክብደቱ ብዙ እጥፍ በሆነ ኃይል ወንበሩ ላይ ተጣብቋል። በዚያ ላይ ነው መንቀጥቀጡ የሚጨመረው።

በዚያው ቀን ማምሻውን ማርቲን ሉተር ኪንግ ሜምፊስ ላይ ተገደለ። ጋዜጦቹ ስለ ሮኬቱ ብዙም አልጻፉም። መሐንዲሶቹ ግን የሚቀጥሉትን ወራት እንቅልፍ አጥተው አሳለፉ።

እኔ ይህን ጉዳይ የምወደው በአንድ ምክንያት ነው። ያ ሮኬት ሳይፈተን የበረረ ሮኬት አይደለም። በዘመኑ እንደ እሱ የተፈተነ ማሽን ማግኘት ይከብዳል። ታዲያ ፈተናው ሁሉ ያንን ንዝረት እንዴት ሳያየው ቀረ?

የታወቀ በሽታ

ይህ ዓይነቱ ንዝረት ስም አለው። ፖጎ ይባላል። ስሙ የመጣው ልጆች ከሚዘሉበት ባለ ስፕሪንግ ዱላ ነው። ሳተርን 5 የመጀመሪያው ታማሚ አልነበረም። ቲታን 2 የተባለው ሚሳይል በማርች 1962 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበር በሰከንድ ከ10 እስከ 11 ጊዜ ነዘረ። ጫፉ ላይ የተለካው መጠን ወደ 2.5 ጂ ነበር። ለቦምብ ተሸካሚ ይህ ያን ያህል ችግር አይደለም። ናሳ ግን በዚሁ ሚሳይል ላይ ጄሚኒ የተባለችውን መንኩራኩር ከነጠፈርተኞቿ ሊያስቀምጥ አስቧል። ሰው በዚያ ፍጥነት ሲንቀጠቀጥ ፊቱ ያለውን መለኪያ እንኳ ማንበብ ያቅተዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። ሮኬቱ በሆነ ምክንያት ትንሽ ወደ ላይ ይገፋል እንበል። በቧንቧው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከባድ ስለሆነ ወደ ኋላ ይቀራል፣ የፓምፑን አፍ ይጫናል። ፓምፑ ትንሽ ተጨማሪ ፈሳሽ ወደ ሞተሩ ይልካል። በማቃጠያ ክፍሉ ያለው ግፊት ይጨምራል። ሞተሩ ያኔ ከበፊቱ በበለጠ ኃይል ይገፋል። ሮኬቱ እንደገና ወደ ላይ ይገፋል። ማይክራፎን ወደ ድምፅ ማጉያው ሲጠጋ የሚወጣው ጩኸት የሚፈጠረው በዚሁ መንገድ ነው። የወጣው ተመልሶ ይገባል፣ የገባው ጎልቶ ይወጣል።

ዙሩ ሁልጊዜ አይዘጋም። የሮኬቱ አካል የራሱ የንዝረት ድግግሞሽ አለው፣ ማለትም ሲነካ በሰከንድ የሚነዝርበት የራሱ ቁጥር። በቧንቧው ውስጥ ያለው ፈሳሽም የራሱ አለው። ሁለቱ ሲራራቁ ምንም አይፈጠርም። ችግሩ የሮኬቱ ድግግሞሽ በበረራ ላይ ይለወጣል። ሳተርን 5 ሲነሳ ወደ 2,900 ቶን ይመዝናል። ሮኬቱ ተራ በተራ የሚነዱ ሦስት ክፍሎች፣ ማለትም ደረጃዎች፣ አሉት። አንደኛው ደረጃ በየሰከንዱ ወደ 13 ቶን ነዳጅና ፈሳሽ ኦክስጅን ይበላል። ክብደቱ ሲቀንስ የንዝረቱ ድግግሞሽ ከፍ ይላል። አፖሎ 6 ላይ በሞተሮቹና በቧንቧዎቻቸው በኩል ያለው ድግግሞሽ ወደ 5.5 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 5.5 ጊዜ፣ ነበር። አካሉ በ125ኛው ሰከንድ ገደማ ወደ 5.25 ሄርዝ ደረሰ። እዚያ ተገናኙ። ክብደቱ መቀነሱን ሲቀጥል ደግሞ ተላለፉ፣ ንዝረቱም በራሱ ጊዜ በረደ።

ሁለት መፈተኛ፣ ሁለት ግማሽ እውነት

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ።

በአላባማ ሃንትስቪል በሚገኘው ማርሻል የጠፈር በረራ ማዕከል ውስጥ ለንዝረት ፈተና ብቻ ተብሎ አንድ ግዙፍ ማማ ተሠርቶ ነበር። እዚያ ውስጥ ሙሉ ሳተርን 5 ቆመ። ለመብረር ያልተሠራ፣ ለመንቀጥቀጥ ብቻ የተሠራ። ስሙ ኤስኤ-500ዲ ይባላል። በ1966 እና በ1967 ለ450 ሰዓታት ያህል ነቀነቁት። ንባቡ የተወሰደው ከ800 የመለኪያ ነጥቦች ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማሳየት የምፈልገው ነገር አለ። ሮኬት ሲበር ምንም ነገር ላይ አልቆመም። መሬት ላይ ካቆምከው መሬቱ ራሱ የንዝረቱ አካል ይሆናል። ስለዚህ ሮኬቱን በዘይት ስስ ሽፋንና በጋዝ ስፕሪንግ በሚሠሩ ድጋፎች ላይ አስቀመጡት። ድጋፎቹ እጅግ ልል ናቸው። ያ ሁሉ ክብደት አየር ላይ የተንሳፈፈ ያህል ነፃ ሆነ። ከዚያ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መነቅነቂያዎች እየገጠሙ በቁመት፣ በጎንና በመዞር አቅጣጫ አናወጡት። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ፈተና በራሱ የዘመኑ ታላቅ የምህንድስና ሥራ ነው።

ከፈተናው ጎን ሒሳብ አለ። ሮኬቱን በወረቀት ላይ በስፕሪንግ የተያያዙ ክብደቶች አድርገው ይስሉታል። ለብረቱ ይህ ቀላል ነው። ከባዱ ፈሳሹ ነው። ታንክ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጭነት አይደለም። ሮኬቱ ሲገፋ የታንኩ ወለል ወደ ታች ይለጠጣል፣ ግድግዳውም ትንሽ ወደ ውጭ ያብጣል። ማለትም በመቶዎች የሚቆጠር ቶን ፈሳሽ በቀጭን ብረት ስፕሪንግ ላይ ተንጠልጥሏል። ያውም በየሰከንዱ ይቀንሳል። ስለዚህ አንድ ሞዴል አይበቃም። ለተለያዩ የበረራ ሰከንዶች የተለያየ ሞዴል ያስፈልጋል። በላንግሌይ የምርምር ማዕከል ደግሞ የሮኬቱን አንድ አሥረኛ የሚያክል አነስተኛ ቅጂ ሠርተው ሒሳቡን በእሱ ላይ ፈትነዋል።

ሃንትስቪል የቆመው ሮኬት ግን ሞተሩ አይነድም። ታንኩ ውስጥ በፈሳሽ ኦክስጅን ፋንታ ውሃ ነው ያለው። ፓምፖቹ አይዞሩም።

ሞተሮቹ የሚነዱት ሌላ ቦታ ነው። እዚያ ኤፍ-1 የተባሉት አምስቱ ሞተሮች በሙሉ ጉልበታቸው ሲነዱ፣ እያንዳንዱ ፓምፕ 55,000 የፈረስ ጉልበት ሲያወጣ ተለክቷል። እዚያ ግን አካሉ ነፃ አይደለም። አንደኛው ደረጃ ለብቻው፣ በኮንክሪትና በብረት ታስሮ ነው የሚነደው። ወደ ላይ ሊዘል አይችልም።

ስለዚህ አንደኛው መፈተኛ ላይ አካሉ ነፃ ነው፣ ፓምፑ ግን አይሠራም። ሌላኛው ላይ ፓምፑ ይሠራል፣ አካሉ ግን ታስሯል። ፖጎ የሚኖረው በሁለቱ መካከል ነው። አካሉን ብትፈትሽ ጤነኛ ነው። ሞተሩን ብትፈትሽ ጤነኛ ነው። ሁለቱ ነፃ ሆነው የሚገናኙት ሰማይ ላይ ብቻ ነበር። ፈተናዎቹ ደካማ ስለነበሩ ነው ንዝረቱ ያመለጠው የሚል ሰው ሲገጥመኝ የማልስማማው ለዚህ ነው። ሁለቱም ፈተናዎች ጥሩ ነበሩ። በመካከላቸው ያለውን ክፍተት መሙላት የነበረበት ሒሳቡ ነው። ሒሳቡ ደግሞ አንድ ወሳኝ ቁጥር በደንብ አልያዘም።

ያ ቁጥር የፓምፑ አፍ ላይ ያሉት አረፋዎች ናቸው። ፓምፑ ፈሳሹን በኃይል ሲስብ መግቢያው ላይ ግፊቱ ይወርድና ፈሳሹ በትንሽ በትንሹ ይፈላል። ጥቃቅን አረፋዎች ይወለዳሉ፣ ወዲያው ይፈነዳሉ። ፈሳሽ አይጨመቅም፣ አረፋ ግን ይጨመቃል። ስለዚህ አረፋዎቹ በቧንቧው ጫፍ ላይ ማንም ያልሠራው ለስላሳ ስፕሪንግ ይሆናሉ። የቧንቧውን ድግግሞሽ የሚወስነው ያ ስፕሪንግ ነው። የሳተርን 5 አንደኛ ደረጃ የኦክስጅን ታንክ ከላይ፣ የኬሮሲኑ ታንክ ከታች ነው። የኦክስጅን ቧንቧዎቹ በኬሮሲኑ ታንክ መሃል አልፈው ወደ ሞተሮቹ ይወርዳሉ፣ ርዝመታቸው 12 ሜትር ገደማ ነው። ያ ሁሉ የፈሳሽ ዓምድ የሚወዛወዘው በእነዚያ አረፋዎች ላይ ነው። የአረፋውን ልስላሴ በግምት ከያዝከው የምታገኘው ድግግሞሽም ግምት ነው።

ቲታን 2 ላይም ተመሳሳይ ትምህርት ተገኝቶ ነበር፣ ያውም በመራራ መንገድ። በዲሴምበር 1962 ነዳጁን በሚያቃጥለው ፈሳሽ፣ በኦክሲዳይዘሩ፣ መስመር ላይ ብቻ ንዝረት ማርገቢያ ቱቦ ገጥመው አበረሩት። ይሻለዋል ሲባል ባሰበት። ንዝረቱ ወደ 5 ጂ ወጣ፣ የአንደኛው ደረጃ ሞተርም ያለጊዜው ጠፋ። በነዳጁ በኩልም ማርገቢያ እንደሚያስፈልግ ሒሳቡ ሲስተካከል ታየ። በኖቬምበር 1963 ሁለቱንም ገጥመው ሲያበሩት ንዝረቱ 0.11 ጂ ብቻ ሆነ። መድኃኒቱ ትክክል ሆኖ ግማሹን ብቻ መስጠት በሽተኛውን ሊያባብሰው ይችላል ማለት ነው።

ሂሊየሙ

ለሳተርን የተገኘው መፍትሔ እኔን እስከ ዛሬ ያስደስተኛል፣ ምክንያቱም አዲስ ዕቃ አልጨመረም ማለት ይቻላል። በእያንዳንዱ የኦክስጅን ቧንቧ ላይ፣ ከሞተሩ ከፍ ብሎ፣ መዝጊያ ቫልቭ አለ። በቫልቩ አካል ውስጥ ክፍት ጎድጓዳ ቦታ ነበረ። ሂሊየም ደግሞ ለሌላ ሥራ ተብሎ ሮኬቱ ላይ ተጭኗል። ከመነሳቱ ጥቂት ደቂቃ በፊት ከዚያ ሂሊየም ቀድተው ጎድጓዳውን ሞሉት። አለቀ። አሁን ቧንቧው ላይ ሆን ተብሎ የተሠራ የጋዝ ስፕሪንግ ተገጠመ። ልስላሴውን የሚወስነው መሐንዲሱ እንጂ አረፋው አይደለም። የቧንቧው ድግግሞሽ ከአካሉ በጣም ዝቅ አለ፣ ሁለቱም በበረራው ጊዜ ሁሉ ሳይገናኙ ቀሩ።

በዚያው በረራ ሌሎች ሁለት ነገሮችም ተበላሽተው ነበር።

የመጀመሪያው፣ ከካቢኑ በታች ካለው ሾጣጣ ሽፋን ላይ ቁርጥራጮች ሲወድቁ ካሜራ አየ። ሰዓቱ ከንዝረቱ ጋር ስለገጠመ ሁሉም ጣቱን ፖጎ ላይ ቀሰረ። ሲመረመር ግን ሌላ ሆነ። ሽፋኑ ውስጡ የንብ እንጀራ ቅርጽ ያለው ነው። በውስጡ የታመቀው አየርና እርጥበት በሙቀት ሲሰፋ ነው የገነጠለው። ቀዳዳ ቀዳደው በቡሽ ሸፈኑት።

ሁለተኛው ራሱም የንዝረት ታሪክ ነው፣ የዚህን ጽሑፍ ነጥብ ከፖጎ በላይ የሚያሳይ። በሁለተኛው ደረጃ ላይ ካሉት አምስት ጄ-2 ሞተሮች አንዱ በ412ኛው ሰከንድ ላይ ጠፋ። የሁለት ሞተሮች ሽቦ ተለዋውጦ ስለተገጠመ ጤነኛው ጎረቤቱም ተከትሎ ጠፋ። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ያለው ሞተር ደግሞ ምሕዋር ላይ እንደገና አልነሳ አለ። ምክንያቱ ወደ ማቀጣጠያው ፈሳሽ ሃይድሮጅን የምትወስድ ቀጭን ቱቦ ናት። እንድትተጣጠፍ ተብሎ የተሸበሸበ ክፍል ነበራት። ፈሳሹ በሽብሽቡ ውስጥ በፍጥነት ሲያልፍ ቱቦዋን ያነዝራታል። መሬት ላይ ስትፈተን አንድም ቀን አልተሰበረችም። ለምን? ሃይድሮጅኑ እጅግ ቀዝቃዛ ስለሆነ በዙሪያዋ ያለው አየር ቱቦዋ ላይ ይረጋና ይሸፍናታል። ያ ሽፋን ንዝረቱን ያረግበዋል። ሰማይ ላይ አየር የለም፣ ሽፋንም የለም። አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ ስምንት ቱቦዎችን ሲፈትኑ ስምንቱም በ100 ሰከንድ ውስጥ ተሰበሩ። የተሸበሸበውን ክፍል አውጥተው በታጠፈ ቧንቧ ተኩት። መፈተኛ ክፍሉ ማንም ሳያስተውለው ቱቦዋን ሲደግፋት ኖሯል።

16 ሄርዝ

ዲሴምበር 21 ቀን 1968 አፖሎ 8 ሦስት ሰዎችን ይዞ ወደ ጨረቃ ሄደ። ሳተርን 5 ሰው ሲጭን የመጀመሪያው ነበር። አንደኛው ደረጃ ላይ ፖጎ የለም። ሂሊየሙ ሠርቷል።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን ሁለተኛው ደረጃ መጨረሻው አካባቢ በ18 ሄርዝ ገደማ ነዘረ። ጠፈርተኞቹም ተሰማቸው። ይሄ የተለየ ዓይነት ነው። ሮኬቱ በሙሉ አይደለም የሚኮማተረው። የመሃለኛው ሞተር የተሰቀለበት የብረት መስቀል ከነሞተሩ ወደ ላይና ወደ ታች ይዘላል፣ ከበላዩ ያለው የኦክስጅን ታንክ ወለልም አብሮት ይወዛወዛል። ከአፖሎ 10 ጀምሮ የተወሰደው እርምጃ የመሃለኛውን ሞተር ከሌሎቹ ቀድሞ ማጥፋት ነው። ንዝረቱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ሞተሩ ከዚያ በፊት ከጠፋ ዙሩ ይቋረጣል። አፖሎ 11 ጨረቃ የደረሰውም በዚሁ ዘዴ ነው።

ይህ ውሳኔ ለምን እንደተወሰነ ይገባኛል። ጨረቃ ላይ ለመድረስ የተቀጠረው አሥርት ዓመት ሊያልቅ ነው፣ ጊዜ የለም፣ ዘዴውም ምንም ዕቃ አይጠይቅም። ግን እኔ ደካማው ውሳኔ ይሄ ነው እላለሁ። ንዝረቱ በምን ሰዓት እንደሚመጣ እናውቃለን በሚል እምነት ላይ የቆመ ነው። ሰዓቱን የሚወስኑት ደግሞ አረፋዎቹ ናቸው። አንደኛው ደረጃ ላይ የታመነበት መድኃኒት እያለ ሁለተኛው ደረጃ ላይ አልተገጠመም።

ኤፕሪል 11 ቀን 1970 አፖሎ 13 ተነሳ። ሎቭል፣ ስዋይገርትና ሄይዝ ውስጡ ናቸው። ይህን በረራ ሁሉም የሚያውቀው ከሁለት ቀን በኋላ በፈነዳው የኦክስጅን ታንክ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሌላ አደጋ በአጠገባቸው አልፏል። በዚህ በረራ ንዝረቱ ከተጠበቀው ሰዓት በጣም ቀድሞ መጣ፣ በ16 ሄርዝ። በተደጋጋሚ ብቅ አለና በረደ። የመጨረሻው ግን አልበረደም። እያደገ ሄደ። የመሃለኛው ሞተር በተሰቀለበት ቦታ ላይ 34 ጂ ተመዘገበ።

ይህን ቁጥር በእጃችን እንፈትሸው። 16 ሄርዝ በ2 ሲባዛ፣ ከዚያ በፓይ ሲባዛ 100.5 ይሆናል። የዚህ ስኩዌር 10,100 ገደማ ነው። 34 ጂ ማለት 333 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር። ሲካፈል 3.3 ሳንቲሜትር ይመጣል። ወደ ላይም ወደ ታችም ስለሆነ ጠቅላላው ከ6.5 ሳንቲሜትር ይበልጣል። ከአንድ ቶን ተኩል በላይ የሚመዝን ሞተር ይህን ርቀት በሰከንድ 16 ጊዜ ተመላለሰ ማለት ነው፣ ከታንክ ወለል ሥር ባለ ብረት ላይ።

ያዳናቸው ለዚህ ተብሎ የተሠራ መሣሪያ አይደለም። ንዝረቱ ሲበረታ በፓምፑ መግቢያ ያለው ግፊት ተናጋ፣ የማቃጠያ ክፍሉ ግፊትም ወረደ። ሞተሩ በቂ ኃይል እየሰጠ መሆኑን የሚከታተለው መቆጣጠሪያ ሞተሩ ደከመ ብሎ አሰበና አጠፋው። ይህ ከታቀደው ሰዓት ሁለት ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ቀድሞ ነው። ከጠፋ በኋላ ንዝረቱ ቆመ። የቀሩት አራት ሞተሮች 34 ሰከንድ፣ ሦስተኛው ደረጃ ደግሞ 9 ሰከንድ ተጨማሪ ነደው ጉድለቱን ሞሉ።

ከዚያ በኋላ ማንም አልተከራከረም። ለአፖሎ 14 በመሃለኛው ሞተር የኦክስጅን መስመር ላይ በሂሊየም የሚሠራ ማርገቢያ ተገጠመ። ንዝረቱ ከወሰን ካለፈ ሞተሩን የሚያጠፋ መጠባበቂያም ተጨመረ። በጃንዋሪ 31 ቀን 1971 ሲበር ያ ንዝረት አልተመለሰም።

ስፔስ ሸትል ሲነደፍ ማርገቢያው ከመጀመሪያው የሞተሩ አካል ሆኖ ገባ፣ በኦክስጅኑ ከፍተኛ ግፊት ፓምፕ መግቢያ ላይ። በ1978 ኢንተርፕራይዝ የተባለችው የሙከራ መንኩራኩር ሃንትስቪል ድረስ ተወስዳ፣ ሳተርን 5 በቆመበት በዚያው ማማ ውስጥ ተነቀነቀች። በዚያው ዓመታት በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በካልቴክ፣ ተመራማሪው ብሬነንና ባልደረቦቹ አነስተኛ የፓምፕ ቅጂ በውሃ እያዞሩ፣ ፍሰቱን ሆን ብለው እያናወጡ፣ በመግቢያውና በመውጫው ግፊቱና ፍሰቱ እንዴት እንደሚለዋወጥ ለኩ። የአረፋው ልስላሴ ከግምት ወጥቶ የሚለካ ቁጥር ሆነ። ሞዴሉ ውስጥም በዚያ መልኩ ገባ።